ዮጋን ለጤና መጠቀምና ለሌላ ሰው ማስተማር፦ ከየት ልጀምር ለምትሉ

ዮጋ ሲባል ብዙ ሰው አይምሮ ላይ የሚመጣው እግሯን ማጅራቷ ላይ የጠመጠመች ቀጭን ልጅ ፎቶ ነው፣ እና ገና ሳይሞክረው "ይሄ ለኔ አይሆንም" ብሎ ይተወዋል። እሱ ፎቶ ለጤና ተብሎ ከሚሠራው ዮጋ ጋር ብዙም አይገናኝም። ለጤና የሚሠራው በጣም ተራ ነገር ነው፣ ወገቡን የሚያመው ሰው ተንበርክኮ ጀርባውን ቀስ እያለ ያጎብጣል ያቀናል፣ ትልቅ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ከትንፋሻቸው እኩል ያነሳሉ ያወርዳሉ፣ አለቀ። እዚ የምጽፈው መጀመሪያ ራሳችሁ እንዴት እንደምትጀምሩ፣ ከዛ ደሞ ለትልልቅ ሰዎች፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለልጆች፣ ህመም ላለባቸው ምናምን እንዴት እንደምታስተምሩ ነው። ሁሉም ጋ መለኪያው አንድ ነው፣ ትንፋሽ። ትንፋሹ የተቆራረጠ ወይ አፍኖ የያዘ ሰው ፖዙን (የሚሠራውን የሰውነት አቋም) ምንም ያህል ቢያሳምረው በዝቶበታል ማለት ነው።

መጀመሪያ ግን ምን ጠብቁ ምን አትጠብቁ

ዮጋ በደንብ የተጠናለት ነገር ቢኖር የቆየ የወገብ ህመም ነው። የአሜሪካን ኮሌጅ ኦፍ ፊዚሽያንስ በ2017 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ህመም ከመድኃኒት በፊት እንዲሞከሩ ካላቸው ነገሮች አንዱ ዮጋ ነው። ውጤቱ ግን ተአምር አይደለም፣ ምንም እንቅስቃሴ ከማይሠራ ሰው ጋር ሲነጻጸር የተወሰነ መሻሻል ነው፣ ሌላ ደህና ስፖርት የሚሠራ ሰውም ተመሳሳይ ነገር ሊያገኝ ይችላል። ለጭንቀት፣ ለእንቅልፍ፣ ለሚዛን መጠበቅም ያግዛል። "ዮጋ ስኳር ያድናል፣ ካንሰር ያጠፋል" የሚል ቪዲዮ ካያችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት፣ የደም ግፊት መድኃኒታችሁን ደሞ ዮጋ ጀመርኩ ብላችሁ እንዳታቆሙ፣ መቀነስ ካለበት የሚቀንሰው ሐኪሙ ነው።

ሌላ ሰው የሚረሳው ነገር፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 መመሪያው አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል፣ መካከለኛ ማለት ልብ ትንሽ የሚያስመታ ማለት ነው። ቀስ ያለ ዮጋ እዛ ላይደርስ ይችላል ስለዚ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ጨምሩበት። 65 ዓመት ላለፋቸው ግን እዛው መመሪያ ላይ በሳምንት 3 ቀንና ከዛ በላይ ሚዛንና ጉልበት የሚያሠራ እንቅስቃሴ ስለሚል እዚ ጋ ዮጋ ልክ ገባ።

ዕቃ ብዙ አያስፈልግም። የማያንሸራትት ማት፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ በብሎክ (እጅ የሚደገፍበት ጡብ መሰል ነገር) ፋንታ ሁለት ወፍራም መጽሐፍ፣ ቀበቶ ወይ ረዘም ያለ ፎጣ፣ ጎማ የሌለው ጠንካራ ወንበርና ባዶ ግድግዳ። ድጋፍ መጠቀም የደካማ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ፣ ብሎክና ቀበቶን ዓለም ላይ ያስለመደው የህንዱ የዮጋ አስተማሪ ቢ ኬ ኤስ አየንጋር (1918-2014) ራሱ ልጅ ሆኖ በቲቢና በወባ የተጎዳ በሽተኛ ነበር፣ እና ቆይቶ ሌላውን ሰው የሚያስገርም ፖዝ ሠርቷል።

ስቴፕ 1፦ ትንፋሽ፣ 5 ደቂቃ

በጀርባችሁ ተኙ፣ ጉልበት ታጥፎ ውስጥ እግር ወለሉን ይርገጥ። አንድ እጅ ደረት ላይ አንዱን እምብርት ላይ አድርጉ። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ አየር ሳቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ ልቀቁ። የታችኛው እጅ ከፍ ዝቅ ሲል የላይኛው ብዙ ባይነቃነቅ ጥሩ ነው። 4 እና 6 ሴኮንድ 10 ስለሆነ በደቂቃ 6 ጊዜ መተንፈስ ማለት ነው። አየር ስንለቅ የልብ ምት በተፈጥሮው ቀነስ ይላል፣ ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው ሥራውን የሚሠራው፣ ለዛ ነው መልቀቁን የምናስረዝመው። መሀል ላይ አፍናችሁ አትያዙ። ራስ ካዞራችሁ ቁጥሩን ትታችሁ እንደ ልማዳችሁ ተንፍሱ፣ ነገ 3 እና 4 እያላችሁ ጀምሩ።

ስቴፕ 2፦ የ20 ደቂቃ ሰውነት ማንቀሳቀስ

ከበላችሁ 2 ወይ 3 ሰዓት ይለፈው። ተንበርክካችሁ በእጃችሁም ተደገፉ፣ እጅ ከትከሻ ሥር ጉልበት ከዳሌ ሥር። አየር ስትስቡ ደረት ወደ ፊት ጀርባ ወደ ታች፣ ስትለቁ ጀርባ ወደ ላይ ይጉበጥ አገጭ ወደ ደረት። ድመትና ላም የሚሉት ይሄ ነው፣ 8 ጊዜ። ጉልበታችሁን ወለሉ ካመመው ብርድ ልብሱን አጥፋችሁ ከሥሩ ክተቱ። ከዛ መቀመጫችሁን ወደ ተረከዝ መልሳችሁ ግንባር ወለል ላይ ወይ ትራስ ላይ፣ የሕፃን ፖዝ፣ 5 ትንፋሽ።

ዳውንዋርድ ዶግ (በእጅና በእግር ተደግፎ መቀመጫን ወደ ላይ ማንሳት) ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ሁሉም ቪዲዮ ላይ አለ ሁሉም ሰው ደሞ በግድ ነው የሚሠራው። እጅ በትከሻ ስፋት፣ ጣቶች ተከፍተው፣ ክብደቱ በሙሉ እጅ አንጓ ላይ እንዳይወድቅ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት ሥር ያለውን የመዳፍ ክፍል ወለሉ ላይ ተጫኑት። መቀመጫችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ላኩ፣ ጉልበታችሁን ግን እጠፉ፣ በደንብ እጠፉ። ቋንጃው የተኮማተረ ሰው ተረከዙን መሬት ለማስነካት ሲታገል ጀርባው ይጎብጥና ሸክሙ ሁሉ ትከሻና ወገብ ላይ ያርፋል። ቅድሚያ የሚሰጠው ለጀርባ መዘርጋት ነው፣ ተረከዝ መሬት ስለነካ ሽልማት የሚሰጥ የለም። እጅ አንጓ የሚያመው ሰው ግድግዳ ላይ መዳፉን ለጥፎ ወደ ኋላ እየሄደ ከዳሌው ጎንበስ ቢል ያንኑ ጥቅም ያገኛል።

ከዛ ተነሱ። ዋሪየር 2፦ እግር ሰፋ ብሎ፣ የቀኝ ውስጥ እግር ወደ ቀኝ ዞሮ፣ የግራው በትንሹ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ቀኝ ጉልበት ይታጠፋል፣ እጆች በትከሻ ልክ ወደ ጎንና ጎን። ጉልበቱን ከላይ እዩት፣ የጉልበት ሎሚ ወደ እግራችሁ ሁለተኛ ጣት መመልከት አለበት። ወደ ውስጥ ከወደቀ፣ ማለትም የእግራችሁ አውራ ጣት በጉልበታችሁ ተሸፍኖ የማይታይ ከሆነ፣ የጉልበት ጅማት ላይ ጫና አለ፣ ጉልበቱን ወደ ትንሿ ጣት አቅጣጫ ግፉት ወይ ማጠፉን ቀንሱ። 5 ትንፋሽ፣ ከዛ ግራ።

የዛፍ ፖዝ (በአንድ እግር መቆም) ግድግዳ አጠገብ ሥሩ፣ የሚነሳው እግር ባት ላይ ወይ ታፋ ላይ ይረፍ፣ ጉልበት ላይ ግን አይደለም። ቀሪው ቀላል ነው፣ በጀርባ ተኝቶ ዳሌ ማንሳት (ብሪጅ)፣ ጉልበቶችን ወደ አንድ ጎን ጥሎ መጠምዘዝ፣ እና መጨረሻ ላይ ሻቫሳና፣ ማለትም ዝርግት ብሎ መተኛት፣ ቢያንስ 5 ደቂቃ። "ጊዜ የለኝም" ብላችሁ የምትቆርጡት ሻቫሳናን ከሆነ ሌላ ፖዝ ቁረጡ።

ህመም ላይ አንድ ነገር። ሥጋው መሀል ላይ የሚሰማ ደብዘዝ ያለ መወጠር ችግር የለውም። የሚወጋ፣ መገጣጠሚያ ውስጥ የሚሰማ፣ ወደ እግር ወይ ወደ እጅ የሚወርድ፣ የሚያደነዝዝ ከሆነ ወዲያው ውጡ። ሲደጋገም ፊዚዮቴራፒስት ይየው።

አሁን ወደ ማስተማሩ

ለጀማሪ አስተማሪ ዓለም ላይ የተለመደው የ200 ሰዓት ሥልጠና ነው። እሱ መሠረቱን ይሰጣችኋል፣ ግን ነፍሰ ጡር ወይ የልብ ሕመምተኛ የማስተማር ችሎታ ብቻውን አይሰጥም፣ ለዛ የራሱ ተጨማሪ ሥልጠና አለው። ሰርተፍኬት ይዛችሁም ሐኪም አይደላችሁም፣ "ይሄ ዲስክ ነው" ምናምን ብላችሁ ምርመራ እንዳትሰጡ።

ስቴፕ 3፦ ክላስ ከመጀመሩ በፊት ጠይቁ

አጭር ፎርም አዘጋጁ። የደም ግፊት፣ ልብ፣ ስኳር፣ የዓይን ግፊት (ግላኮማ)፣ የአጥንት መሳሳት፣ በቅርብ የተደረገ ኦፕሬሽን፣ የተቀየረ መገጣጠሚያ፣ እርግዝና፣ ራስ የማዞር ነገር። ሰው ፊት ጮክ ብላችሁ አትጠይቁ፣ የማይነግራችሁ ሰው ይበዛል፣ በተለይ እርግዝና ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሆነ። በእጅ መነካት ይፈልግ እንደሆነም እዛው ፎርም ላይ ይሙላ፣ "እሺ" ያለውንም ቢሆን ከመንካታችሁ በፊት እንደገና ጠይቁት፣ ዛሬ ላይፈልግ ይችላላ።

ስቴፕ 4፦ አነጋገር

ትዕዛዙ አጭር ይሁን፦ የትኛው አካል፣ ወደየት፣ በየትኛው ትንፋሽ። "አየር እየሳባችሁ ቀኝ እጅ ወደ ላይ።" በቃ ይሄ ይበቃል፣ አንድ ፖዝ ላይ ዘጠኝ ነገር ብትናገሩ የሚሰማው የለም። ፊት ለፊታቸው ከቆማችሁ "ቀኝ" ስትሉ እናንተ ግራችሁን አንሱ፣ እንደ መስታወት። መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል ከዛ ይለመዳል። ክላሱን ሙሉ አብራችሁ አትሥሩ፣ አሳይታችሁ ተነሱና ዙሩ፣ የራሳችሁን ስፖርት ስትሠሩ የሰው ትንፋሽ አታዩም።

ቀላሉን መጀመሪያ አሳዩ፣ ይሄ በጣም ወሳኝ ነው። ከባዱን አሳይታችሁ ስታበቁ "ያልቻለ እንዲህ ያድርግ" ካላችሁ ማንም "ያልቻለ" መባል ስለማይፈልግ ጉልበቱ የሚያመውም ሰውዬ ከባዱን ይሞክራል። በግልባጩ፣ ሁሉም ሰው ቀላሉን ይሥራ፣ ትንፋሹ ረጋ ብሎ የቀጠለ ሰው ብቻ ቀጣዩን ይጨምር በሉ። ያኔ የሚመርጠው ትንፋሹ ነው እንጂ ኩራቱ አይደለም።

የሳንስክሪት (የጥንት ህንድ ቋንቋ) ስምና ዝማሬ የማይመቸው ቡድን ካላችሁ ተዉት፣ እንቅስቃሴውና ትንፋሹ ያለሱም ይሠራል፣ ሰው ደሞ ሳይመቸው ዘና ሊል አይችልም።

የአንድ ሰዓት ክላስ በግምት እንዲህ ይከፈላል፦ 5 ደቂቃ መረጋጋትና ትንፋሽ፣ 10 ማሟሟቂያ፣ 25 ዋናው፣ 10 ወለል ላይ ቀዝቀዝ ማለት፣ 10 ሻቫሳና።

ስቴፕ 5፦ ለማን ምን

ትልልቅ ሰዎች። ወንበሩን ከግድግዳ አስጠግታችሁ አስቀምጡ እንዳይንሸራተት። በካልሲ ብቻ አይሥሩ፣ ወይ ባዶ እግር ወይ የማያንሸራትት ጫማ። ለዚህ ቡድን ከሁሉም ፖዝ የሚበልጠው እንቅስቃሴ ዮጋ እንኳን የማይመስለው ነው፣ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ። "እግርዎን በዳሌ ስፋት ያድርጉ፣ ደረትዎን ወደ ፊት ያምጡ፣ አየር እየለቀቁ ይነሱ፣ ቀስ ብለው ይቀመጡ፣ ዝም ብለው እንዳይወድቁ።" 5 ጊዜ፣ አርፎ እንደገና። እጃቸውን ጭናቸው ላይ ተደግፈው ቢነሱ ችግር የለውም፣ ሳምንታት ሲያልፉ መደገፉ እየቀነሰ ይሄዳል። ሚዛን ስታሠሩ አንድ እጅ ወንበሩ መደገፊያ ላይ ይቆይ፣ ተረከዝን ከፍ ማድረግ፣ አንድ እግር ትንሽ ማንሳት። ጎንበስ ብለው ሲቀኑ ቶሎ አያድርጉት፣ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ድንገት ሲነሱ ያዞራቸዋል። የአጥንት መሳሳት ካለባቸው ጀርባን አጉብጦ ወደ ፊት መጠቅለልና እስከ ጥግ መጠምዘዝ ይቅር፣ የአከርካሪ አጥንት በዛ ዓይነት ጫና ሊሰበር ይችላል፣ በምትኩ ጀርባ ቀጥ ብሎ ከዳሌ መታጠፍ ነው። እና እባካችሁ እንደ ሕፃን አታናግሯቸው፣ "ጎበዝ ማሚዬ" ምናምን፣ በ"እርስዎ" አናግሩ።

ነፍሰ ጡሮች። መጀመሪያ የሐኪማቸው ፈቃድ። ከመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በኋላ በጀርባ ዝርግ ብሎ ረጅም ጊዜ መተኛት አይመከርም፣ ማህፀን ወደ ልብ የሚመለሰውን ትልቁን ደም ሥር ስለሚጫን፣ ስለዚ ሻቫሳና በግራ ጎን፣ ትራስ በጉልበቶች መሀል። በሆድ መተኛት የለም፣ ሆድን የሚጨምቅ መጠምዘዝ የለም (ከትከሻ ወደ ውጪ መዞር ይቻላል)፣ ትንፋሽ መያዝ የለም፣ ሞቃት ክፍል ውስጥ የሚሠራው ሆት ዮጋ የለም። በእርግዝና ጊዜ መገጣጠሚያ ላላ ስለሚል "ዛሬ እንዴት ተለጠጥኩ!" ብላ የምትደሰት እናት አትታለል፣ መለጠጡን ቀንሳችሁ ጉልበቱን አሠሩ። ደም ካየች፣ ውኃ ከፈሰሳት፣ ምጥ የመሰለ ቁርጠት ከመጣ፣ ደረቷን ካመማት ወይ ካዞራት ክላሱ እዛ ጋ ያበቃል፣ ወደ ሐኪም።

ልጆች። ለትንንሾቹ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። "ትከሻችሁን ዘና አድርጉ" ብትሏቸው ያፈጡባችኋል፣ "እባብ ሁኑ፣ አሁን እንቁራሪት፣ አሁን እንቁራሪቷ ተኛች" በሏቸው። ለትንፋሽ አሻንጉሊት ሆዳቸው ላይ አስቀምጡና ሳይወድቅ ከፍ ዝቅ ያድርጉት። በራስና በአንገት መቆም አታሳዩ፣ ብታሳዩ ከናንተ ተደብቀው ይሞክሩታል። ውድድርም አይሁን።

ቢሮ የሚውል ሰው። 10 ደቂቃ ወንበር ላይ፣ አንገት ወደ ጎን፣ ደረት መክፈት፣ እጅ አንጓ ማዞር፣ ከዛ ቆሞ አንድ እግር ወደ ኋላ ወስዶ ብሽሽትን መለጠጥ፣ ቀን ሙሉ ታጥፎ የዋለው እሱ ነውና። ላብ የሚያስወጣ ነገር አታሠሩ፣ ወደ ሥራ ነው የሚመለሱት።

ህመም ያለባቸው። ግላኮማ ያለበት ሰው ጭንቅላት ከልብ በታች ወይ እግር ወደ ላይ የሚሆንበት ፖዝ አይሥራ፣ ዳውንዋርድ ዶግም፣ ቆሞ ማጎንበስም፣ እግርን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መተኛትም፣ በ2015 በወጣ ጥናት እነዚህ የዓይን ግፊትን በ1 ደቂቃ ውስጥ ከፍ እንደሚያደርጉ ታይቷል። ስኳር ዓይኑን የነካበት ሰውም እንደዛው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስኳሩን ለክቶ ይምጣ፣ ጣፋጭ ነገር አጠገቡ ይሁን፣ ከተንቀጠቀጠ ወይ ካላበው ፖዝ ሳይሆን ስኳር ነው የሚያስፈልገው። ግፊቱ ከፍ ያለ ሰው ትንፋሽ አይያዝ፣ ካፓላባቲ የሚባለውን ፈጣን የሆድ ትንፋሽ አይሥራ። ዳሌው የተቀየረለት ሰው ደሞ የትኛውን እንቅስቃሴ እንደተከለከለ ከቀዶ ሐኪሙ ጠይቆ ይምጣ፣ እንደ ኦፕሬሽኑ ዓይነት ይለያያልና።

የጭንቀት ሕመም ያለበት ወይም ክፉ ነገር ያሳለፈ ሰው። እዚ ጋ ቅድም ስለ ትንፋሽ ያልኩት ይገለበጣል ማለት ይቻላል። አንዳንድ ሰው ትንፋሹን ልብ ብሎ ሲከታተል ጭንቀቱ ይብስበታል፣ ልቡ ይመታል፣ እና እናንተ "በጥልቀት ተንፍሱ" ስትሉት የባሰ ያፍነዋል። እናንተ ትንፋሹን ከውጪ እዩ እንጂ እሱን ትንፋሽህን አድምጥ አትበሉት፣ ውስጥ እግሩ ወለሉን ሲነካ የሚሰማውን ነገር ወይ ክፍሉ ውስጥ የሚያየውን አንድ ዕቃ ያስተውል። ዓይን መዝጋት ግዴታ አይሁን። ከኋላቸው አትቁሙ፣ አትንኩ፣ በሩ ይታያቸው፣ መብራት ከማጥፋታችሁ በፊት ንገሩ። "ተኙ" ከምትሉ "መተኛት የፈለገ ይተኛ፣ መቀመጥም ይቻላል" በሉ፣ መምረጡ ራሱ ነው ለዚህ ሰው ሕክምናው የሚጀምረው።

በተፈጥሮው በጣም የሚለጠጥ ሰው። ማንም የማይጠረጥረው እሱ ነው፣ ሁሉም "ዋው" ይለዋል። ክርኑና ጉልበቱ ወደ ኋላ አልፎ ሲቆለፍ ካያችሁ ትንሽ እንዲያጥፈው ንገሩት፣ የሚያስፈልገው ጡንቻ ነው እንጂ ተጨማሪ መለጠጥ አይደለም።

ስቴፕ 6፦ ክላሱ ላይ ነገር ሲበላሽ

ሰው ካዞረው አስቀምጡት ወይ በጎን አስተኙት፣ ሌሎቹን የሕፃን ፖዝ ላይ አድርጋችሁ እሱ ጋ ሁኑ። ደረት ላይ የሚጫን ህመም፣ ድንገት አንድ ጎን መዛል፣ ንግግር መጎተት ከሆነ "እስቲ ትንሽ ይረፍ" የሚባል ነገር የለም፣ አምቡላንስ ጥሩ። አጠገባችሁ የተሞላ ስልክና የእያንዳንዱ ሰው የቅርብ ቤተሰብ ቁጥር ይኑራችሁ። ኦንላይን የምታስተምሩ ከሆነ ይሄ የባሰ ያስፈልጋል ምክንያቱም ስክሪን ላይ የወደቀን ሰው ማንሳት አትችሉም፣ ሰውየው የት እንዳለ አድራሻውን ቀድማችሁ ያዙ፣ ካሜራውም ከጎን ይቀመጥ፣ ከፊት ለፊት ጀርባው መጉበጡ አይታይም።

ክላሱ ሲያልቅ ሁሉም በቀኝ ወይ በግራ ጎን ተገልብጦ በእጁ እየተደገፈ ይነሳ። ከዛ ሰው ሳይበተን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "ዛሬ የትኛው ጋ ነው ትንፋሽ ያጠራችሁ?" የሚሉትን ከስማቸው ጋር ጻፉት፣ የሚቀጥለው ክላስ ላይ ያንን ፖዝ ለዛ ሰው ወይ ታቀሉታላችሁ ወይ ታወጡታላችሁ።